ቬርሳይ በጠዋት፣ ሻርትር ከሰዓት

(ፓሪስ ዳርቻ ያለ ቤት፣ ከእራት በኋላ። አክስት በከተማዋ ብዙ ዘመን የኖረች፣ ከሀገር ቤት የሚመጣውን ዘመድ ሁሉ ስታስጎበኝ የከረመች ናት። የእህቷ ልጅ እናቷን ይዛ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ለሽርሽር የቀራቸው አንድ ቀን ነው። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች፣ ሰዓቱ እንደ ሀገር ቤት አቆጣጠር ነው።)

ልጅ፦ አክስቴ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ባንድ ቀን ማየት ለእኔ ሁለቱንም አለማየት ነው። ቬርሳይ ብቻውን ቀኑን ይጨርሰዋል። ሻርትር ደግሞ ከፓሪስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። የቀረን ቀን ዓርብ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። አንዱን መርጠን ረጋ ብለን ብናይ አይሻልም?

አክስት፦ የትኛውን መረጣችሁ?

ልጅ፦ ጠቡ እዚያ ላይ ነው። እሷ ሻርትር ትላለች። «የእመቤታችን ልብስ ያለበት አገር ደርሼ ሳልሳለም ብመለስ ለሰው ምን እላለሁ?» ነው የምትለው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የቬርሳይን ውል በየዓመቱ እያስተማርኩ፣ የተፈረመበትን አዳራሽ ሳላይ ብሄድ ይቆጨኛል።

አክስት፦ እንግዲያው ማናችሁም አትቅሩ፤ ሁለቱንም ታያላችሁ። ቀኑ ይበቃል። የማይበቃው ለሁለት እኩል ሲከፈል ነው። እንግዳ ይዤ ስመላለስ ያየሁት ይኼንን ነው፤ ሰው ጊዜ ሲያጥረው ከሁለቱም እኩል ይቆርጣል፣ ከዚያ ሁለቱንም አላየሁም ብሎ ይመለሳል። መቀነስ ያለበት ከቤተ መንግሥቱ ነው። ከካቴድራሉ አይቀነስም። ለቬርሳይ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የቀረው ለሻርትር።

ልጅ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል? ግቢው 800 ሄክታር ነው እኮ!

አክስት፦ ግቢውን ማን ሂጂበት አለሽ? ትሪያኖን ይቅር፤ በስድስት ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ ለእናንተ አይሆንም። ማሪ አንቷኔት ያሠራችው የገበሬ መንደርም ይቅር። ትልቁን ቦይ ከሕንጻው ጀርባ ካለው እርከን ላይ ቆማችሁ እዩት እንጂ አትውረዱ። መውረዱ አይከብድም፤ የእትዬን ጉልበት የሚጨርሰው መውጣቱ ነው። ዋናውን ሕንጻ ብቻ ያዙ። በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ሲከፈት እዚያ ተገኙ፣ አምስት ተኩል ላይ ውጡ።

ልጅ፦ ለዚያ ሁሉ ክፍል እንዲህ መሮጥ…

አክስት፦ የምትሮጪ አይምሰልሽ። ቤቱ የተሠራበትን መንገድ ልንገርሽ። የንጉሡ የክብር ክፍሎች በተርታ ናቸው፤ በሩ ከበሩ ትይዩ ነው። የሄርኩለስ፣ የቬኑስ፣ የዲያና፣ የማርስ፣ የሜርኩሪ እያለ ይቀጥልና ዙፋኑ የነበረበት የአፖሎ ክፍል ላይ ይደርሳል። እንግዳው በእብነ በረዱ፣ በወርቁና በጣሪያው ሥዕል ሥር እያለፈ፣ በየክፍሉ ልቡ እየራደ ንጉሡ ፊት እንዲደርስ ታስቦ ነው። እንዲታለፍበት የተሠራ ቤት ነው። ዛሬም ሕዝቡ ከኋላ እየገፋሽ በዚያው መስመር ነው የምትሄጂው። ቆሜ ልመሰጥ ብትዪ ቦታው አይፈቅድልሽም።

ልጅ፦ የመስታወቱ አዳራሽ ግን ያስቆማል።

አክስት፦ እሱ ላይ ቁሚ። 73 ሜትር ርዝመት አለው። ባንድ ወገን 17 መስኮት፣ በፊት ለፊቱ 17 የመስታወት ቅስት፣ በጠቅላላው 357 መስታወት። ያን ጊዜ መስታወት የቬኒስ ሙያ ነበር፤ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር ባለሙያዎቹን ከዚያ አስኮብልሎ ፓሪስ ላይ ፋብሪካ አቋቋመ። እንግዳው ገና ሲገባ «ይኼን ሁሉ እዚሁ ነው የሠሩት?» እንዲል ተፈልጎ ነው።

ልጅ፦ እኔን የሚስበኝ ሌላው ታሪኩ ነው። በ1871 ጀርመኖች ፓሪስን ከበው ሳሉ እዚያ አዳራሽ ገብተው ኢምፓየራቸውን አወጁ። በሰው ቤተ መንግሥት! ፈረንሳዮችም አልረሱትም፤ ሰኔ 28 ቀን 1919 ያንኑ አዳራሽ መርጠው ጀርመንን አስፈረሙ። ይኼን ሳስረዳ ተማሪዎቼ «ቂም ነዋ!» ይላሉ። አዳራሹ መሃል ቆሜ ሁለቱንም ባንድ ላይ ማሰብ እፈልጋለሁ። ነገር ግን መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ መሆናቸውን አንብቤያለሁ። መስታወቱ በፀሐይ የሚሞላው ከሰዓት በኋላ ነው። እርስዎ በጠዋት ይልኩናል።

አክስት፦ ልክ ነሽ፣ እሱን ታጫለሽ። የሻርትርም የምዕራብ መስኮቶች ፀሐይ የሚያገኙት ከሰዓት ነው፤ ሁለቱን ባንድ ቀን ማግኘት አይቻልም። እንግዲህ ብርሃን ሲያጣ የበለጠ የሚጎዳው የቱ ነው ብለሽ ጠይቂ። መስታወቱ ደመናም ቢሆን ያብለጨልጫል። የሻርትር መስኮት ፀሐይ ካልመጣበት ሥዕሉ ራሱ አይነበብም። ደግሞ ቬርሳይ በጠዋት የራሱ ነገር አለው። ከመስታወቱ አዳራሽ ጀርባ፣ የሕንጻው እምብርት ላይ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ የንጉሡ መኝታ ቤት አለ። ሉዊ 14ኛ ከ1701 ጀምሮ የተኛው እዚያ ነው፣ በ1715 የሞተውም እዚያው። ጠዋት ሲነሳ መኳንንቱ በማዕረግ ተሰልፈው ይገባሉ፤ ሸሚዙን ማቀበል ራሱ ሰው የሚጣላበት ክብር ነበር። ፀሐይን ምልክቱ ያደረገ ንጉሥ አልጋውን ፀሐይ መውጫ ላይ ዘርግቶ ሲነሳ አገሩ ሁሉ አብሮት የሚነሳ አስመሰለው። ያንን ክፍል በማለዳ ብርሃን ማየት ነው ደጉ።

ልጅ፦ ምንጮቹስ? ሰው ሁሉ ስለ ምንጮቹ ያወራል።

አክስት፦ ያምራሉ። ግን አሠራራቸውን ስሚ። ቬርሳይ ውኃ የለውም። ከሴን ወንዝ ውኃ ለመግፋት ማርሊ ላይ 14 ትልልቅ መንኰራኵር ያለው ማሽን ተከሉ፣ ከሩቅም ቦይ ቆፈሩ፤ አልበቃም። ሁሉን ምንጭ ባንድ ጊዜ መክፈት አልተቻለም። ስለዚህ ንጉሡ በአትክልቱ ሲዘዋወር ውኃ ጠባቂዎቹ በፉጨት እየተጠራሩ ሊደርስበት ያለውን ምንጭ ይከፍታሉ፣ ያለፈውን ይዘጋሉ። እሱ በዞረበት ሁሉ ውኃ ይፈልቃል፤ ከጀርባው ደረቅ ነው። እኔ ስለዚህ ቤት ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር አላውቅም። ሁሉ ነገር ላንድ ሰው ዓይን ነው። ላንድ ሰው ዓይን የተሠራን ነገር ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል።

ልጅ፦ ይኼ ትንሽ ይከብዳል። እኛስ ጎንደር ስንሄድ የነገሥታት ቤት አይደለም የምናየው? ፋሲል ግቢም፣ ቬርሳይም፣ ሻርትርም በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩት ባንድ ዓመት ነው፣ በ1979። ደግሞ 1682 የሚባለው ዓመት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሉዊ መንግሥቱን ጠቅልሎ ቬርሳይ የገባው በ1682 ነው። በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነገሠ። ሁለቱ ደግሞ ይተዋወቁ ነበር ማለት ይቻላል። ሻርል ፖንሴ የሚባል ካይሮ የሚኖር ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ጎንደር ገብቶ ኢያሱን አከመ፤ ያየውንም ጻፈ። ከዚያ ሉዊ 14ኛ ዱ ሩል የተባለ መልእክተኛ ወደ ኢያሱ ላከ፤ ሰውዬው ግን ጎንደር ሳይደርስ በ1705 ስናር ላይ ተገደለ። መልእክተኛው ደርሶ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አክስት፦ ይኼን ለእትዬ አፖሎ ክፍል ውስጥ ንገሪያት። አስጎብኚ ቢኖራችሁም አይነግራትም። እንዲህ ከሆነማ ቬርሳይ ለእሷም አገር ይሆናታል።

ልጅ፦ ቆይ፣ መንገዱን ያስረዱኝ። እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚፈርስ የሚመስለኝ። ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ተመልሰን፣ ከፓሪስ እንደገና ወደ ሻርትር…

አክስት፦ ማን ተመለሱ አለሽ? ሁለቱን ባንድ ቀን የሚያስኬደው ዋናው ነገር እኮ ቬርሳይ በሻርትር መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ቬርሳይ ሦስት ባቡር ጣቢያ አለው። ጠዋት በኤር ኧ ኤር ሴ ባቡር ሪቭ ጎሽ የሚባለው ጣቢያ ውረዱ፤ ለቤተ መንግሥቱ በጣም ቅርቡ እሱ ነው። ስትወጡ ግን ወደዚያ አትመለሱ። ሻንቲዬ ወደሚባለው ጣቢያ ሂዱ። ከሞንፓርናስ ተነስቶ ወደ ሻርትርና ወደ ለ ማን የሚሄደው የክልል ባቡር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይቆማል። በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ለእትዬ ግን ታክሲ ያዙ፣ እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ከሻንቲዬ ሻርትር ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው። ማታ ከሻርትር ቀጥታ ሞንፓርናስ ትገባላችሁ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ልጅ፦ በናቪጎ የትራንስፖርት ካርዳችን?

አክስት፦ እስከ ቬርሳይ ብቻ። ሻርትር ከፓሪስ ክልል ውጭ ነው፣ ካርዱ አይሠራም። ለየብቻ ትኬት ቁረጡ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት። ብዙ ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፤ ካርዱ ሻንቲዬ በር ላይ ሲያስገባው እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ባቡሩ እንደ ሜትሮ በየደቂቃው አይመጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ይሳሳል። ማታውኑ ሰዓቱን እዩና ከቬርሳይ የምትወጡበትን በእሱ ልክ ወስኑ። ቀኑ ዓርብ መሆኑ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሰኞ ቬርሳይ ዝግ ነው። ማክሰኞ ሉቭር ሙዚየም ስለሚዘጋ ሰው ሁሉ ወደ ቬርሳይ ይጎርፋል። ቅዳሜና እሑድ የምንጮቹ ትርኢት አለ፣ መተላለፊያ አይገኝም። ዓርብ ሻርትር ውስጥ ሌላም ነገር አለ፣ ስንደርስ እነግርሻለሁ።

ልጅ፦ የእማዬ ጾምስ?

አክስት፦ ጾሟ ነው ሰዓቱን የሚያስተካክለው። ስምንት ሰዓት ላይ ሻርትር ገብታችኋል። መጀመሪያ ተሳለሙ። ዘጠኝ ሲሆን ከካቴድራሉ ጀርባ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ አትክልት ቦታ አለ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ይዛችሁ የሄዳችሁትን ቅመሱ። ዳቦና ምስር እኔ አዘጋጃለሁ። በዚህ አገር ምግብ ቤት ገብቶ ቅቤ የሌለበት ፈልጉልኝ ማለት ጊዜ ያባክናል። ከዚያ እንደገና ግቡ። ካቴድራሉ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነው፣ መግቢያም አይከፈልም። እንዲህ በበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው የእናንተ ነው።

ልጅ፦ አሁን ሻርትርን አስረዱኝ። እኔ የማውቀው ሕንጻው ትልቅ መሆኑን ብቻ ነው።

አክስት፦ በመስኮት በኩል ተቀመጡና ውጭ ውጭውን እዩ። አገሩ ቦስ ይባላል፣ ሜዳ ነው፣ የስንዴ አገር። ከማሳው በላይ ሁለት ማማ ብቅ ይላል። ከተማ አይታይም፣ ማማዎቹ ብቻ። አንዱ እንደ አንዱ አይደለም። አንዱ ልሙጥ ነው፣ የ12ኛው መቶ ዓመት። ሌላውን በ1506 መብረቅ መታውና ዣን ደ ቦስ የተባለ ባለሙያ እንደ ዳንቴል አድርጎ በ1513 ጨረሰው። ማንም ላመሳስለው አላለም፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ካቴድራሉ በ1194 ተቃጠለ። የምዕራቡ ፊትና ከመሬት በታች ያለው ክፍል ቀረ እንጂ ሌላው አመድ ሆነ። ሕዝቡ ያለቀሰው ለሕንጻው ብቻ አልነበረም። በ876 ንጉሥ ሻርል ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው፣ እመቤታችን ጌታን ስትወልድ ለብሳው ነበር የሚባለው ልብስ አብሮ የተቃጠለ መስሎት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ካህናቱ ከምድር ቤቱ ይዘውት ወጡ ይላል ታሪካቸው። «ቤቷ የተቃጠለው የበለጠ እንድንሠራላት ፈልጋ ነው» ተባለና ሥራ ተጀመረ። ዋናው ሕንጻ በ1220 አካባቢ አለቀ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት እጅግ ፈጣን ነው።

ልጅ፦ 1194 እስከ 1220… ቅዱስ ላሊበላ የነገሠበት ዘመን ነው!

አክስት፦ እኔ ሁልጊዜ የምለው እሱን ነው። እዚያ ቋጥኝ ወደ ታች እየተፈለፈለ፣ እዚህ ድንጋይ ወደ ላይ እየተካበ፣ ባንድ ዘመን። አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። እትዬ ላሊበላ ሄዳለች አይደል? እንግዲያው ሻርትር ስትገባ እንግዳ አትሆንም። ለዚህም ነው ጊዜ አትቀንሱባት የምለው። ቬርሳይ ውስጥ ያለ ማብራሪያ አንድ ክፍል አታውቅም፤ ቬኑስና ማርስ ለእሷ ምኗ ናቸው? ሻርትር ሰሜን በር ላይ ግን አስጎብኚ አያስፈልጋትም። እኔ ሌሎች እናቶችን ይዤ አይቼዋለሁ። አብርሃም ይስሐቅን እጁን አስሮ ይዞታል፤ ሙሴ ጽላቱንና የናሱን እባብ ይዟል፤ መልከ ጼዴቅ ጽዋ፣ ዳዊት፣ ስምዖን ሕፃኑን አቅፎ፣ መጥምቁ ዮሐንስ በጉን ይዞ። ካልተማሩ ሰዎች ጋር የሚነጋገር ድንጋይ ነው። እነሱ እየጠሩ፣ እኔ ከመጽሐፍ እያረጋገጥኩ እንሄድ ነበር።

ከዚያ በቀኝ በኩል ወዳለው በር አምጫት። ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ልጅ፦ ማክዳ?

አክስት፦ ማክዳ። ግን ተጠንቀቂ፤ እትዬ ስታይ ሊከፋት ይችላል። ንግሥቲቱን የቀረጿት የራሳቸውን እመቤት አስመስለው ነው፣ ቀጭን፣ ባለ ረጅም ቀሚስ። አፍሪካዊ ፊት ያለው ከእግሯ ሥር ተንበርክኮ ስጦታ የያዘው አገልጋይ ነው። ከየት እንደመጣች ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ አገሯን ግን ለእሷ አልሰጧትም፣ ለአገልጋይዋ ሰጡት። እዚያ ቆሜ እናደዳለሁ፤ ደግሞ ከዚያ ተለይቼ መሄድ አልችልም። በ1200ዎቹ የፈረንሳይ ስንዴ አገር ውስጥ አንድ ድንጋይ ጠራቢ የእኛን ወገን ፊት አስቦ ቀርጿል።

እዚያው በረንዳ ላይ ቀጭን ዓምድ አለ፣ ካልተጠቆመ አይታይም። ታቦተ ጽዮን ባለ መንኰራኵር ሠረገላ ላይ ተጭና ተቀርጻለች። ፍልስጥኤማውያን ማርከው በሠረገላ የመለሷት ታሪክ ነው። ለአክሱም ሰው ይኼ ምን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም።

ልጅ፦ ይኼን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ከእማዬ ጋር ባልተጣላሁ። ግን እንደ ታሪክ መምህር አንድ ነገር ልበል። ቬርሳይን ላንድ ሰው የተሠራ ብለው ቀነሱት፤ ካቴድራሉን ደግሞ ሕዝብ የሠራው አድርገው እያሳዩኝ ነው። ይኼም በሰው ጉልበትና ግብር የተሠራ አይደለም? ካህናቱ በእመቤታችን በዓላት ገበያ እያቆሙ ከነጋዴው ይሰበስቡ የለም?

አክስት፦ ይሰበስቡ ነበር። ከዚያም ብሷል፤ በ1210 የከተማው ሰው ከካህናቱ ጋር ተጣልቶ የአለቃቸውን ቤት ወረረ። ሕንጻው ገና እየተሠራ ነው ያን ጊዜ። እንግዲህ ሁሉም በፍቅር ድንጋይ ተሸከመ የሚለውን እኔም አልነግርሽም። የሰሜኑ ክብ መስኮት ላይ ደግሞ የፈረንሳይ ነገሥታትና የካስቲል አርማ አለ፤ የንጉሥ ቤት ገንዘብ ነው።

ግን ወደ ታች እዪ። መስኮቶቹ የሚነበቡት ከሥር ወደ ላይ ነው። የመልካሙ ሳምራዊ ታሪክ ያለበት መስኮት ግርጌ ጫማ ሰፊዎች ሥራ ላይ ናቸው። በመግደላዊት ማርያም መስኮት ሥር ውኃ የሚያመላልሱ ሰዎች አሉ። በኖኅ መስኮት አናጢዎች። ሌላው ጋ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሥጋ ሻጭ፣ ፀጉራም ቆዳ ለደንበኛ የሚያሳይ ነጋዴ። ድሮ «ማኅበራቸው ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራው ነው» ይባል ነበር። አሁን አንዳንድ ሊቃውንት ይጠራጠራሉ፤ ካህናቱ ሠራተኛው ምን መክፈል እንዳለበት ለማስታወስ ያሣሉት ነው የሚሉም አሉ።

ልጅ፦ እሱ ነው የኔ ጥያቄ!

አክስት፦ ጥያቄሽ ጥያቄ ነው። ግን ያሠራው ማንም ይሁን ማን፣ ውኃ ተሸካሚው እዚያ አለ። ስምንት መቶ ዓመት በፀሐይ እየበራ። ቬርሳይ ውስጥ የማርሊን ማሽን ያንቀሳቀሰ ሰው ፊት አሳዪኝ። ያ ሁሉ ውኃ የወጣው በማን ጉልበት ነው? ጣሪያው ላይ ንጉሡና አማልክቱ ናቸው ያሉት። ሁለቱን ባንድ ቀን እዩ የምለውም ለዚህ ነው። በተለያየ ቀን ብታዪአቸው ሁለት የሚያማምሩ ሕንጻዎች ናቸው። ጠዋት ውኃው ላንድ ሰው ሲፈልቅ አይተሽ ከሰዓት ውኃ ተሸካሚውን መስኮት ላይ ስታገኚው ግን አንቺው ራስሽ ጥያቄ ታነሺያለሽ፤ አሁን እንዳነሳሽው።

ልጅ፦ …እሺ። ውስጡ ገብተን የት እንጀምር?

አክስት፦ በልብሱ ጀምሩ፤ ካልሆነ እትዬ ልቧ አያርፍም። ከመንበሩ ጀርባ በሚዞረው መተላለፊያ ካሉት ጸሎት ቤቶች በአንዱ፣ በመስታወት ውስጥ ነው። ሣጥኑ በ1712 ሲከፈት ቀሚስ ሳይሆን ረጅም የሐር ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። በአብዮቱ ጊዜ ተቆራረጠ፤ አሁን የሚታየው የተረፈው ነው። ይኼን ለእሷ አትንገሪያት አልልሽም፤ ንገሪያት፣ አይረብሻትም። ጫማዬን ላውልቅ ትላለች፤ ወለሉ በበጋም ይቀዘቅዛል፣ ወፍራም ካልሲ ያዢላት።

ከዚያ በስተ ደቡብ «ሰማያዊዋ እመቤት» የሚሏት መስኮት አለች። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ በዙፋን ተቀምጣለች፣ ከጀርባዋ ቀይ ነው። እሷ ያለችባቸው መስታወቶች ከ1180 አካባቢ ናቸው፣ ከቃጠሎው የተረፉ። በዙሪያዋ ያሉት መላእክት ከቃጠሎው በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ቀረብ ብለሽ እዪ፤ የልብሷ ሰማያዊ ከመላእክቱ ሰማያዊ ይለያል፣ ፈዘዝ ያለና የጠራ ነው። ሩቅ ማያ መነጽር እኔ አለኝ፣ ውሰዱት። ያለ እሱ ከላይ ያሉት አይታዩም።

ልጅ፦ መስታወቱ በጦርነቱ እንዴት ተረፈ?

አክስት፦ በ1939 ጦርነት ሲመጣ መስኮቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አውርደው በሣጥን ሸሸጉት። ሕንጻው ግን ነሐሴ 1944 ሊፈርስ ነበር። አሜሪካኖቹ ማማው ላይ የጀርመን ተኳሽ አለ ብለው በመድፍ ሊመቱት ሲሉ ዌልቦርን ግሪፊዝ የሚባል ኮሎኔል እኔ ልይ ብሎ ገባ። ማንም እንደሌለ አረጋግጦ ወጣና ተኩሱ ቀረ። እሱ ራሱ በዚያው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች ሌቭ በምትባል መንደር ተገደለ።

ልጅ፦ ፎቶ ላይ ሳይ ውስጡ ጥቁር ነበር፤ አሁን ነጭ ሆኗል ይላሉ።

አክስት፦ ግድግዳውን አጠቡት። የብዙ መቶ ዓመት ጥላሸት ሲነሳ ሥሩ የ13ኛው መቶ ዓመት ቀለም ተገኘ። ጥቁር የነበረችው የእመቤታችን ሐውልት ሳትቀር ነጭ ሆነች፤ ትልቅ ክርክር አስነሳ። ጨለማው ደስ ይለኝ ነበር፣ ሰማያዊው ብርሃን በጨለማ ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር። አሁን ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይፈሳል። ሐውልቷን ግን መንካት አልነበረባቸውም እላለሁ። ሰው ጥቁር አድርጎ ነው ሲሳለማት የኖረው።

የዓርቡን ነገር አልነገርኩሽም። ወለሉ ላይ በድንጋይ የተሠራ ጥምዝ መንገድ አለ፤ ስፋቱ 13 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዳር እስከ መሃል ግን 260 ሜትር ያህል ያስኬዳል። አዘቦት ቀን ወንበር ይሞላበታል። በበጋ ዓርብ ዓርብ ግን ወንበሩን ያነሱታል። አንቺ ሂጂበት። እትዬ ተቀምጣ ትይሽ፤ ለጉልበቷ እረፍት ነው። ከዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙራችሁ ተቀመጡ። በበሩ ላይ ያሉት ሦስት መስኮቶች ከ1150 አካባቢ ናቸው። በቀኝ ያለው የእሴይ ሥር ነው፣ እሴይ ተኝቶ ዛፉ ከሆዱ ይወጣል። ምንም አታውሩ፣ ምንም አትሩጡ። ከቬርሳይ የቆረጥነው ጊዜ የተቆረጠው ለዚህ ነው።

ልጅ፦ ሁለት ቀን ቢኖረኝ ግን አሁንም ለየብቻ ነበር የማያቸው።

አክስት፦ ሁለት ቀን ቢኖርሽ እኔም አልከራከርሽም ነበር። አሁን ስልክሽን አምጪና የቬርሳይን ትኬት ቁረጪ፤ በሰዓት ነው የሚሸጡት። ሦስት ሰዓት ካለቀ ሦስት ተኩል ያዢ። ከአራት በኋላ ብቻ ከቀረ ግን ቬርሳይን በአጥሩ አይታችሁ በቀጥታ ሻርትር ሂዱ።

ልጅ፦ በአጥሩ? እሱንስ አልቀበልም!

አክስት፦ እንግዲያው ፍጠኚ።